ከኋላ የሚያንኳኳው

ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከኋላው ያንኳኳ ነበር። ድም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ደግሞ ድም ድም። ሾፌሩ ሰምቶታል። መስማቱን ያወቅሁት እጁን ሰደድ አድርጎ ሬዲዮውን ከፍ ስላደረገው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኳኳታ በአብዛኛው የሚጠገነው እንዲህ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በየስልኩ አቀርቅሯል። የእኔ ሌባ ጣት ብቻ ሳላስበው ከቦርሳዬ ላይ ብድግ ትላለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። መኪናው ድም ባለ ቁጥር ትነሳለች። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አንዴ ጣቴን፣ አንዴ ፊቴን አየችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው።

ይቺ ጣት ይህን የት እንደለመደችው ልንገራችሁ።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ኮምቦልቻ ሄጄ የመኪና ጥገና ተምሬ፣ ጨርሼ፣ ላሊበላ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ሥራ ተገኝቶልኝ ጥቅምት ሲያልቅ ግቢ ተብያለሁ። እስከዚያው ድረስ አባቴ ጋራዥ አብሬው እሠራ ነበር። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ወደ አየር ማረፊያው በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ሁለት መኪና ሲገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅ ግቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ዕቃ የምናጥብበት የነጭ ጋዝ ሽታ ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይቀበለኛል። ዛሬም የትም አገር ነጭ ጋዝ ከሸተተኝ ጥርሴን የፋቅሁበት ጠዋት ሁሉ ትዝ ይለኛል።

ግቢው ተዳፋት ነው። ላሊበላ ውስጥ ተዳፋት ያልሆነ ምን አለ? በእኛ አገር ሾፌር መኪናውን ከማቆሙ በፊት ዓይኑ የሚፈልገው ድንጋይ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል፤ ታኮ እንለዋለን። ታኮ ሳያደርግ መኪናውን ጥሎ የሚሄድ ሰው ልጁን ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦ እንደሄደ ነው የሚታየው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ባለመኪናውን ይጠራል።

አባቴ በጆሮው የታወቀ ሰው ነበር። በላስታ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር መኪናው እንግዳ ድምፅ ካወጣ፣ «እሱ ጋ ውሰደው፣ ይሰማልሃል» ይባላል። አሠራሩ የራሱ ነበር። መጀመሪያ ኮፈን አይከፍትም፣ መፍቻም አያነሳም። ባለመኪናውን ፊት ለፊቱ ያቆምና፣ «በል፣ በአፍህ አሰማኝ» ይለዋል። ስንቱ የተከበረ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ እንደ መኪና ጮኋል! አንድ ጊዜ የደብር አለቃ የሆኑ ቄስ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «ጭርርር… ቋ!» ሲሉ ሰምቼ ሳቄን ለመደበቅ በርሜል ኋላ ገብቻለሁ። አባቴ ግን አይስቅም። አፍ ተከፍቶ የሚያልቅ ድምፅ ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው፣ አፍ ተገጥሞ የሚያልቅ ድምፅ መሀሉ ለስላሳ ነገር አለ ይላል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ይገባና አንድ ዙር ይዞሩታል። ሲመለስ በሽታው ታውቋል።

ከኮምቦልቻ ስመለስ አባቴ ተለውጦ ነበር የጠበቀኝ። ከኋላው ስጠራው አይመልስልኝም። እራት ላይ አንድ ነገር ጠይቄው ዝም ይላል፤ ቀና ብሎ ካየኝ ደግሞ አፌን ብቻ ነው የሚያየው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ስለዚህ ኩርፊያ ነው አልኩ። አዲስ አበባ በመሄዴ ከፍቶታል፣ አትሂጂ ላለማለት ነው ዝም ያለው አልኩ። እኔም አኩርፌ መልሼ ዝም አልኩት። ሁለት ዝምተኞች ሆነን አንድ ሞተር ለሁለት እንፈታለን።

ያ መኪና የመጣው እንዲህ በሆንበት ሰሞን ነው።

ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና። ከመሬት ከፍታው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። በግቢያችን በር ሲገባ ሆዱ ድንጋይ ልሶ እንደ ጥጃ አቃሰተ። አጥር ጥግ ፀሐይ የሚሞቁት ሾፌሮች ሁሉ ተነሱ። «የቀረው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» አለ አንዱ። አባቴም ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ይሄ ተኝተው የሚነዱት ነው እንዴ?» አለ።

ባለመኪናው የከተማችን ልጅ ነው። ወጥቶ አዲስ አበባ ከከተመ ቆይቷል። የመጀመሪያ ልጁ፣ ወንድ፣ ተወልዶለት በመጪው እሑድ አርባው ነው፤ ክርስትና ይነሳል። እናቱን ሊወስድ ነው የመጣው። እናቱ አውሮፕላን አይሞከርም ብለዋል፤ አውቶቡስም ሾፌሩን አላውቀውም ብለዋል፤ ልጄ ራሱ ነድቶ ከወሰደኝ እሄዳለሁ ነው ያሉት። የክርስትና ቀን ደግሞ ጠብቁኝ አይባልም።

«አያ፣ ይስሙልኝ» አለ አባቴን። «ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነው የመጣው። ከጋሸና ወዲህ ያለውን ኮረኮንች ሁሉ እንኳ ዝም ብሎ! እዚህ እናቴ ደጅ ካደረ በኋላ ነው ከኋላ ማንኳኳት የጀመረው። ወልቆ የሚወድቅ ነገር ቢሆንስ? ጎማው ቢፈታብኝስ? በዚያ ቁልቁለት እናቴን ይዤ ምን ልሆን ነው?»

«በአፍህ አሰማኝ» አለ አባቴ።

ባለመኪናው እኔን አየኝ፣ ሾፌሮቹን አየ፣ አፈረ። ከዚያ ጫማውን እያየ፣ «ድም… ድም ድም» አለ። አባቴ አገጩን ይዞ ቀና አደረገው። «ወደ እኔ። ድገመው።» ደገመው። አባቴ አፉን ትክ ብሎ አይቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ፤ «አፉ ተገጥሟል። ለስላሳ ነው። የኋላው ሾክ፣ ላስቲኩ አልቆ ነው። ፍቺው» አለኝ።

መኪናው ውስጥ አልገባም። እኔ ልጁ፣ ስንት ዓመት ሲሠራ ያየሁት፣ መኪናው ውስጥ ሳይገባ ሲፈርድ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ግን አኩርፌያለሁ፤ አልጠየቅሁትም።

በክሪክ አንስተን፣ ከሥሩ ድንጋይ ደርድረን፣ ሥር ገባሁ። ያን ያህል ከመሬት የተጣበቀ መኪና ሥር መግባት እንደ ደብዳቤ በበር ሥር መሾለክ ነው። የግራውን ሾክ፣ መኪናው ሲነጥር ንዝረቱን የሚውጠውን፣ ፈታሁ፤ ላስቲኩ ደህና ነው። የቀኙን ፈታሁ፣ እሱም ደህና ነው። ባለመኪናውን፣ «ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚንከባለል ነገር የለህም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ባዶ ነው፤ የመጣሁ ዕለት እኔው ራሴ ነኝ ያራገፍኩት» አለ። ከፈት አድርጌ አየሁት። እውነትም ንጹሕ ምንጣፍ ብቻ ነው። መልሼ ገጣጠምኩ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቂያዋ ላይ ባለመኪናው ሊሞክረው ይዞት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ፊቱ ገና በሩ ላይ ነገረን።

«አያ፣ እንዳለ ነው።»

አጥሩ ጥግ ከተቀመጡት አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እንኳ ሳይሞክር፣ «እንግዲህ አያም አረጁ» አለ። አባቴ ዞሮም አላየው። ንቆት መስሎኝ ኮራሁበት። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። አባቴ ከዚያ ስም በቀር ምን አለው? መሣሪያው የሁሉም ጋራዥ መሣሪያ ነው፤ ግቢውም ኪራይ ነው። ሰው ከጋሸና፣ ከፍላቂት ድረስ መኪናውን እየገፋ የሚያመጣለት ለዚያ ጆሮ ሲል ነው። ባለመኪናው አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ግድ የለም አያ፣ ወልድያ ላሳየው» ሲል አባቴ እጁን አነሳ። «ነገ ጠዋት እኔና ልጄ ይዘነው እንወጣለን። ካላገኘነው ወልድያ ትወስደዋለህ።»

በማግሥቱ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው በብልብላ መንገድ ወጣን። እኔ ነኝ የምነዳው። ጥቅምት ነው፤ አየሩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ገብሱ እየታጨደ ስለነበር በመስኮቱ የሚገባው ሽታ የገለባ ነው። መቀመጫችን ዝቅ ከማለቱ የተነሳ መንገድ ዳር የቆሙት ፍየሎች ቁልቁል ነው የሚያዩን። አንዷማ አንገቷን ደፍታ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። አባቴ አላየኝም እንጂ ስቄያለሁ።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ እንደጀመረ ከኋላችን ድም! አለ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ድምፅ አልጠበቅሁም፤ ትከሻዬ ዘለለ። አባቴን አየሁት። ፊት ለፊቱን እያየ ነው።

«እስካሁን ደህና ነው» አለ።

ድም ድም።

«ትንሽ ራቅ ማለት አለብን» አለ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ።

ያ ሁሉ ኩርፊያ ኩርፊያ አልነበረም። ከኋላው ስጠራው ዝም የሚለው፣ እራት ላይ አፌን የሚያየው፣ ባለመኪናውን አገጩን ይዞ ቀና ያደረገው፣ ትናንት ሾክ ነው ብሎ የገመተው፣ ያ ሾፌር አረጁ ሲለው ያልዞረው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተሰለፈልኝ። አባቴ አይሰማም። ያ የላስታ ሾፌር ሁሉ የሚምልበት ጆሮ የለም፤ እሱም ይህን ብቻውን ተሸክሞ፣ በሰው ከንፈር እየተመራ፣ ጋራዡን ከፍቶ እየዘጋ ከርሟል። አልቅሼ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን መንገዱ መታጠፊያ ብቻ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው አይነዳውም።

«አባዬ፣ እያንኳኳ እኮ ነው» ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እንደዚያ ካልኩት በኋላ ምን ሆኖ ነው ወደዚያ ግቢ የሚመለሰው? ዝም ካልኩ ደግሞ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፤ መኪናው ወልድያ ይሄዳል፤ ወሬውም ከመኪናው ቀድሞ ወልድያ ይደርሳል። እና ምን እንዳደረግሁ ሳላስበው አንድ ነገር አደረግሁ። ቀጥሎ ድም ሲል፣ መሪው ላይ ያለችውን ሌባ ጣቴን ብድግ አደረግኋት። ድም ድም ሲል ሁለት ጊዜ። ሰው ዘፈን እየሰማ ጣቱን እንደሚያነሳው፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጌ።

ጥቂት ሄድን። በአንድ ዓይኔ አየሁት። ጣቴን እያየ ነው። ደግሞ ፊቴን አየ፣ ደግሞ ጣቴን። ከዚያ፣ «አቁሚ» አለኝ።

ወርዶ የፊቱን ወንበር አጠፈና ወደ ኋላ ገባ። የዚያ መኪና የኋላ ወንበር ለሰው የተሠራ አይደለም፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ፤ ጋቢውም በሩ ላይ ተይዞ ነበር፣ ነቅዬ ሰጠሁት። አንድ መዳፉን ወለሉ ላይ፣ አንዱን ከጀርባው ባለው ብረት ላይ አሳረፈ። «ንጂ» አለ። በስፖኪዮው አየዋለሁ። ዓይኑ ጣቴ ላይ ነው፣ ነፍሱ መዳፉ ላይ። እኔ ጣቴን ሳነሳ እሱ መዳፉን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ያዘዋውራል። ኮምቦልቻ ሳለሁ እንኳ እንደዚያ ቀን ጠጋ ብዬ ከማንም ጋር አልሠራሁም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ፤ ድም። ለቀቅሁ፤ ቆይቶ ድም።

«ደግመሽ ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። «ልቀቂ።» ለቀቅሁ። «ስትይዢ ወደ እኔ ይመጣል፣ ስትለቂ ይርቃል። የታሰረ ነገር እንዲህ አይመላለስም። ይሄ ከሥር አይደለም፤ ከብረቱ በላይ ነው፣ ልቅ ነው። አቁሚ።»

ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገን የዕቃ መጫኛውን ከፈትን። ንጹሕ ምንጣፍ። አባቴ ምንጣፉን ገለበጠው። ትርፉ ጎማ ተኝቷል፤ ከጎማው ጎን ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ደግሞ አንድ ነጭ ጥቅል አለ። ጥለቱ የታጠፈ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ አራቱ ጫፎቹ በጥንቃቄ ተቋጥረው፤ ለመንገደኛ ስንቅ እንደሚቋጠረው አድርጎ ነው የተቋጠረው። አባቴ ቋጠሮውን ፈታ። ውስጡ ድንጋይ ነው። ከአገራችን ቀዩ ድንጋይ፣ አንድ ጎኑ የቀጠነ፣ አንድ ጎኑ የወፈረ፣ ጎማ ሥር ልክ የሚገባ።

እኔ በሳቅ ወደቅሁ። አባቴ ግን ድንጋዩን በእጁ መዘነው፣ የቀጠነውን ጎኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ጥለቱንም አየ። «እናቱ ናቸው» አለ። መልሶ እንደነበረው ቋጠረውና ይዞት ወደ ፊት ወንበር ገባ፤ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

መኪናውን አስነስቼ የመጣንበትን ኮረኮንች ያዝኩ። ከኋላችን ምንም የለም። ጎማው ጠጠር ሲረግጥ፣ ነፋሱ በመስኮት ሲገባ፣ ያ ብቻ ነው። አባቴ ጣቴን አየ። ጣቴ አልተነሳችም። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ፣ ከተመለስኩ ወዲህ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«ጠፋ?»

መኪናውን ቀስ አደረግሁና ፊቴን ወደሱ አዞርኩ። «ጠፋ፣ አባዬ።»

የባለመኪናውን ነገር ቶሎ ልጨርሰውና ወደ መንገዱ እመለሳለሁ። ግቢው ስንደርስ እናቱም መጥተው ጓዛቸውን ጠቅልለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ እጅ ላይ ያለውን ጥቅል ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ነገሩ ሲጣራ፣ ልጃቸው የመጣ ዕለት መኪናውን ደጃቸው ተዳፋት ላይ ያለ ታኮ አቁሞት ነበር። ታኮ አድርግ ቢሉት ስቆ፣ የእጅ ፍሬን አለው አላቸው። «እንደ ታመመ ሰው ስጠብቀው አደርኩ» አሉ። «የእጅ ፍሬን አለው ይለኛል። እጅ አይደክምም ወይ? እኔ ይዤለት ልሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ድንጋይ ቢያጣስ? አዲስ አበባስ ድንጋይ ይገኛል?» በነጠላ የጠቀለሉት የልጃቸው መኪና እንዳይፋቅ ነው። ሳይቆለፍ ያደረው ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ምንጣፉ ሥር የደበቁት ደግሞ እንዳይስቅባቸው። ባለመኪናው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ድንጋዩንም ይዞት ሄደ፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አዲስ አበባ ገቡ፣ እሑድ ልጁ ክርስትና ተነሳ።

ከመሄዱ በፊት ግን ወደ አባቴ ዞሮ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አያ፣ ላሊበላን! እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም» አለ። ሾፌሮቹ ሁሉ ተቀበሉት፤ ያ አረጁ ያለውም ጭምር። ዝም ቢል አለቀ። ስሙ ሙሉውን ተመልሶለት ነበር። ዝም በል ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን ባለመኪናውን አፉን አይቶ፣ የተባለው ሲገባው ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ጆሮ ከሄደ ቆይቷል» አለ። «የሰማችው ልጄ ናት።» ጋቢውን አስተካክሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ከተማው ክፉ አልነበረም። ሰላም የሚለው ሰው በዛ፤ ሁሉም ግን እየጮኸ ነው ሰላም የሚለው። መኪና የሚያመጣ ግን እየሳሳ ሄደ። ሾፌሮቹ በሌላ ጋራዥ በር ሲገቡ ካያቸው አፍረው ይወርዱና ጉልበቱን ይዘው ይስሙታል፤ እሱም ይመርቃቸዋል። እኔ ልቅር አልኩት። «እኔን ልትሰሚልኝ ነው የምትቀሪው? ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። ስልክ ስደውል፣ «እኔ ልናገር፣ አንቺ ስሚ» ይልና የላሊበላን ወሬ ሁሉ ዘርዝሮ፣ ስሜን ጠርቶ መርቆኝ ይዘጋዋል። አሁን የለም።

ግን ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ድምፁ ከጠፋ በኋላ፣ ግቢው ሳንደርስ፣ መንገድ ላይ ያለውን ነው።

«መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

«ዛሬ።»

«አንቺ ኮምቦልቻ ሳለሽ ነው የሄደው። ቀስ እያለ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እያየሁ ዝም ሲለኝ ነው የገባኝ።» ድንጋዩን ጭኑ ላይ አገላበጠው። ቆይቶ ደግሞ፣ ፊት ለፊቱን እያየ፣ ሲያሰላስለው የከረመ እስኪመስል ድረስ ቃል በቃል አድርጎ፣ «ሰዎች ድምፅሽ የእናትሽን ሆኗል ይሉኛል። እውነት ነው?» አለ።

ስሄድ ገና የልጅ ድምፅ ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አባቴ አያውቀውም። እኔ ራሴ የእናቴን ድምፅ በቅጡ አላስታውሰውም። በዓለም ላይ ሁለቱን ማወዳደር የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

«አክስቴ ነው ትላለች» አልኩት። አላየኝም ነበርና ትከሻውን ነክቼ ደገምኩለት። «ከውጭ ስጣራ ደንግጣ ትወጣለች።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ዞሮ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ሙሉ ፊቱ ወደ እኔ ሆነ። «እንግዲያ አውሪኝ» አለ።

«ምን ላውራ?»

«ያሻሽን። ዝም አትበይ ብቻ።»

ማውራት ጀመርኩ። የኮምቦልቻን ሙቀት አወራሁት። አብራኝ የምታድረው ልጅ በእንቅልፏ የማባዛት ሰንጠረዥ እንደምትደግም፣ እጁ ግሪስ እንዳይነካው በሁለት ጣቱ መፍቻ ይይዝ ስለነበረው አስተማሪያችን፣ የመጀመሪያ ቀን ሞተር ፈትቼ ስገጥም አንድ ብሎን ተርፎኝ ጫማዬ ውስጥ ስለ መደበቄ። መንገዱ ቀጥ ሲል ፊቴን አዞርለታለሁ፣ ሲታጠፍ መልሼ ወደፊት አያለሁ፤ የሚደርሰው የወሬዬ ግማሽ ነው። በማያስቅበት ይስቃል። አላረምኩትም፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። መኪናውን ካስፈለገው በላይ በዝግታ ነበር የምነዳው፤ አህያ የጫኑ ሰዎች ሁሉ ቀድመውን አለፉ። ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ወሬዬም አልቆ፣ ያወራሁትን ደግሜ እያወራሁ ነው ከተማው የገባነው።

ግቢው ውስጥ ሞተሩን አጠፋሁ። ባለመኪናው እየሮጠ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «አያ! ተገኘ እንዴ?» አለ። አባቴ አልዞረም፤ አፌን እያየ ነበር።

«ቀጥዪ» አለኝ።